ልብስ ገላን ይሸፍን እንጂ ሰውን አይሸፍን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ በነበረው የእሑድ ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱም ከመዘምራን እኅቶቻችን ጥቂቶቹ፥ ከመዝሙር ጥናት በፊት ስልካቸውን ከበው፥ በመስከረም በኒው ዮርክ ስለሚደረገው የፋሽን ሳምንት ሲነጋገሩ መሰማታቸው ነው። ዘንድሮ የትኛው አዲስ የልብስ ንድፍ አውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ያሳይ ይሆን፥ ምን ዓይነት ቀለም ይመጣ ይሆን፥ ቀሚሱስ ይረዝም ወይስ ያጥር ይሆን እያሉ በጉጉት ይጠባበቁ ነበር። አንድ ወንድማችን ይህን ሰምቶ «በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ የዓለምን ሞድ መጠበቅ ኀጢአት ነው» አለ። አንዲት እኅታችንም «ውብ ነገርን መጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ኀጢአት የሆነው?» ስትል መለሰችለት። ሰዓቱ ስላለቀ ክርክሩ ሳይቋጭ ተበተንን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን እኛ በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን ቆመን የተከራከርን ነን። አሁን ግን ጥያቄውን አንድ ላይ ተቀምጠን መረመርነው።

በመጀመሪያ የምንከራከርበትን ነገር ማወቅ ይገባናል። በቀድሞ ጊዜ ልብስ ሰፊ ወደ ባለቤቱ ቤት እየሄደ የታዘዘውን ይሰፋ ነበር እንጂ የራሱ ስም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ ቤቱን የከፈተው እንግሊዛዊው ቻርልስ ፍሬደሪክ ዎርዝ ግን ልብሱን አስቀድሞ በራሱ ሐሳብ እየነደፈ፥ በሰው ገላ ላይ አልብሶ ለገዢዎች ያሳይ ጀመር፤ ስሙንም በልብሱ ላይ አሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ስሙንም መጠበቅ ለመደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ፓሪስ ከ1940 ጀምሮ በጀርመኖች ስለ ተያዘች፥ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ወደዚያ ሄደው አዲሱን ልብስ ማየት አልቻሉም። በ1943 ኤሊኖር ላምበርት የተባለች ሴት ጋዜጠኞቹን በኒው ዮርክ ሰብስባ የአገሯን ልብስ ነዳፊዎች ሥራ አሳየቻቸው። የዛሬው የፋሽን ሳምንት አጀማመር ይህ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚታየው ልብስ ግን በዚያው ሰሞን የሚለበስ አይደለም። በመስከረም የሚታየው ለሚመጣው የጸደይና የበጋ ወራት ነው፤ በየካቲት የሚታየው ደግሞ ለሚቀጥለው የመጸውና የክረምት ወራት ነው። እንግዲህ ሰዎቹ ከስድስት ወር በኋላ ሰው ምን እንዲመኝ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ያሳያሉ ማለት ነው። ሥራውም በመጠበቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የሚጠብቅ ከሌለ የሚገዛ የለምና።

ከዚህ የተነሣ ወንድማችን ያለው ነገር ባዶ አይደለም። በጾም ወራትም እንጠብቃለን፥ በፋሽን ሳምንትም እንጠብቃለን፤ ነገር ግን ሁለቱ መጠበቆች አይመሳሰሉም። በጾመ ነቢያት የጌታችንን ልደት ስንጠብቅ መጠበቁ ራሱ ያዘጋጀናል፤ የተጣላነውን እንታረቃለን፥ ከገበታችን ቀንሰን ለተራበው እናካፍላለን። በዓሉ ሲደርስ የተለወጥነው እኛ ነን። የሞድ መጠበቅ ግን ብዙውን ጊዜ የጠባቂውን ዐይን እንጂ ልቡን አይለውጥም። ትናንት ያማረብን ቀሚስ ሳይቀደድና ሳይነትብ፥ «አለፈበት» ስለ ተባለ ብቻ ያሳፍረናል። ቀሚሱ ያው ነው፤ የከሳው የእኛ ምስጋና ነው።

እኅታችን ያለችውም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት እንደምንማረው፥ እግዚአብሔር የአሮንን ልብሰ ተክህኖ ለክብርና ለጌጥ እንዲሠሩ ባለሞያዎችን በጥበብ ሞልቷቸዋል። በሐዋርያት ሥራም ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት፥ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። በቋንቋችንም ቢሆን አእምሮን የሚያበራው ጥበብና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ጥበብ በአንድ ስም ይጠራሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ስም ለጥለት ሲሰጡት፥ እጅም እንደ አእምሮ እንደሚያስብ ማወቃቸው ይመስለናል።

ደግሞም አዲስ ነዳፊ መጠበቅ አዲስ ሰው መጠበቅ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አምስት የፈረንሳይና አምስት የአሜሪካ ነዳፊዎች ሥራቸውን ጎን ለጎን አሳይተው ነበር። ዝነኞቹ ፈረንሳዮቹ ነበሩ፤ በዚያ ምሽት የተደነቁት ግን አሜሪካኖቹ ሆኑ። ከአሜሪካኖቹ ነዳፊዎች አንዱ ስቲቨን በሮስ ጥቁር ሲሆን፥ ልብሱን ለብሰው ከታዩት ልጃገረዶችም መካከል ጥቁሮች ነበሩ። በአገራችንም የአፍሪካ ነዳፊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ሃብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ተጀምሯል። እንግዲህ ማንም ያላወቀው ባለሞያ ሥራውን ይዞ ሲወጣ ለማየት መጓጓት፥ በሰው ላይ የተሰጠውን ጸጋ ለማየት መጓጓት ነውና ነቀፋ የለበትም።

ታዲያ ሁለቱም እውነት ካላቸው ስሕተቱ የት ላይ ነው? እኛ እንደምናስበው ስሕተቱ በመጠበቁ ላይ ሳይሆን፥ ስንጠብቅ በምንረሳው ሰው ላይ ነው።

ይህን የምንለው ሞድን በሚወዱት ብቻ አይደለም፤ በሚያወግዙትም ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ተማሪዎች «አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃውሞ አስነሡ። የተቃወሙበት ምክንያት መልካም ነበር አልነበረም የሚለውን ለታሪክ እንተወው። የሆነው ግን ይህ ነው፦ የተሰደቡትና የተዋከቡት ወደ ትርኢቱ የመጡት ሴቶች ልጆች ነበሩ። በጨርቁ ላይ የተነሣው ቍጣ በሰው ላይ ወደቀ። ቀሚስን የሚያመልክ ሰው ቀሚሱን እንጂ ለባሿን አያይም፤ ቀሚስን የሚጠላም እንዲሁ ነው። በዚያ እሑድ «ኀጢአት ነው» ብሎ የተናገረው ወንድማችንም ከእኛ ጋር ሆኖ ይህን መስመር ሲጽፍ ራሱን እንደ ወቀሰበት መሰወር አንፈልግም።

ሁለተኛው የምንረሳው ሰው ሠሪው ነው። የነዳፊው ስም በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የሰፋው እጅ ግን ስም የለውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ፎቅ ሲፈርስ፥ ለውጭ አገር ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታውቆ ሳለ ሠራተኞቹ እንዲገቡ ተደርገው ነበር። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የእኛ ዕድሜ ያላቸው እኅቶቻችን ለታወቁ የውጭ አገር ስሞች ልብስ ሲሰፉ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበር ተገልጧል። ልብሱ ከውጭ አገር የመጣ ሲመስለን፥ ያሰፋችው ከጎረቤታችን የሄደች ልጅ ልትሆን ትችላለች።

በባህል ልብሳችንስ ቢሆን እንሻላለንን? ሽሮ ሜዳ ወርደን ቀሚስ ስንመርጥ «ይህ የዘንድሮ ጥለት ነው ወይስ የአምና?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ማን ሸመነው?» ብለን አንጠይቅም። ጥጉን እናቶች በእንዝርት ፈትለውታል። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜ ወይም ከጨንቻ መጥቶ፥ እግሩን ከጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ፥ ከድርና ከማግ ጥበቡን አውጥቶታል። እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ለብዙ ዘመን በሞያው ሲሰደብ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሞያው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የሸመነውን ጥበብ ለብሶ ሸማኔውን መናቅ፥ እንጀራ እየበሉ ጋጋሪዋን እንደ መስደብ ያለ ነው።

ሦስተኛው የምንረሳው ሰው ከእኛ ጋር ቆሞ የሚዘምረው ነው። ይህን ለመጻፍ አፍረን ነበር፤ ነገር ግን የሌላውን ጥፋት ጽፈን የራሳችንን ብንሰውር ጽሑፋችን ሐሰት ይሆናል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ የእኛ የፋሽን ሳምንት ጥምቀት ነው ማለት ይቻላል። ያለፈው ጥምቀት ሲቃረብ መዘምራን እኅቶች አንድ ዓይነት አዲስ ጥለት ያለው ቀሚስ እንዲለብሱ ተስማማን። ውበቱን እንጂ ዋጋውን አላሰብንም። ከመካከላችን አንዲት እኅት፥ እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚያሳድጓት፥ «እኔ አምና የለበስኩት አለኝ» አለች። እኛም «ከሰልፉ ትለዪና አያምርም» አልናት። በዕለቱ ታቦቱን አጅበን ስንወርድ ሰልፋችን አማረ፤ ብዙ ሰው ፎቶግራፍ አነሣን። እርሷ ግን አልነበረችም። ከዚያ በኋላም ወደ ጥናት አልመጣችም።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፥ ጌጠኛ ልብስ የለበሰውን በክብር አስቀምጠን ያደፈ የለበሰውን ብናርቅ ፈራጆች መሆናችንን ያስተምራል። ይህን ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፥ በጥያቄና መልስ ውድድርም መልሰነዋል። በጥምቀት ዕለት ግን አላስታወስነውም። ዓለም ሰውን በሞድ ለየ ብለን ስንፈርድ፥ እኛ በነጭ ቀሚስ ለየን።

ምናልባት «እንግዲያስ አዲስ ልብስ መግዛቱን ብንተው ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ሁላችን መግዛት ብንተው ሸማኔው ምን ይበላል? የሐዋሳዋ እኅትስ? እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል በመሰረዟ፥ ገበያ ሲጠፋ ችግሩ አስቀድሞ በሠራተኞቹ ላይ እንደሚወድቅ አይተናል። ዐይናችንን ከውበት መጨፈንም መፍትሔ አይደለም፤ አበቦችን ያለበሰ እግዚአብሔር ውበትን የሚጠላ አይደለምና። መፍትሔው መጠበቃችንን ማረም ነው።

ስለዚህ አዲስ ልብስ በጠበቅን ጊዜ ራሳችንን ሦስት ነገር እንድንጠይቅ እንመክራለን። አንደኛ፥ ይህን የሠራው ማን ነው፥ የድካሙንስ ዋጋ አግኝቷልን? ሁለተኛ፥ በሣጥኔ ያለውን የናቅሁት ስላረጀ ነው ወይስ «አለፈበት» ስለ ተባለ? ሦስተኛ፥ እኔ ይህን ስለብስ ከአጠገቤ የሚቀር ሰው ማን ነው? ሦስቱን በቅን ልብ የመለሰ ሰው የኒው ዮርኩንም የአዲስ አበባውንም ትርኢት በንጹሕ ዐይን ሊያይ ይችላል። የአዲሱን ነዳፊ ጥበብ ያደንቃል፥ ስለ ሰፊዋም ይጠይቃል፥ በአምናው ቀሚሱም ሳያፍር ያመሰግናል።

እኛም በመምከር ብቻ እንዳንቀር የመዘምራን ክፍሉን አነጋግረን ተስማምተናል። ለሚመጣው ጥምቀት ማንም አዲስ ቀሚስ እንዲገዛ አይታዘዝም። እያንዳንዷ እኅት ያላትን ነጭ ልብስ አጥባ ትለብሳለች፤ ጥለቱ ቢለያይም አይጠየቅም። መግዛት የምትችል ብትኖር፥ ከሸማኔው ዘንድ ሄዳ ስሙን ጠይቃ ትግዛ። ወደ እኅታችንም ቤት ከእኛ ሦስታችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ እርሷም «አልተቀየምኩም» አለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት እሑዶች አልመጣችም። ከሰልፉ ያስወጣናት በአንድ ቃል ነበር፤ በአንድ ቃል ግን ልንመልሳት አልቻልንም። በሁለተኛው ረድፍ የነበረውን ቦታዋን ሌላ እንዳይቆምበት ጠብቀንላታል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ መስከረም ብዙ ሰው ምን ዓይነት ልብስ ይመጣ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ጠብቁ፥ እኛም እንጠብቃለን። ከእርሱ ይልቅ ግን የቀሩትን እንጠብቅ፤ መጠበቅ ብቻም ሳይሆን ሄደን እንጥራቸው። አዲሱን ዘመን የንስሓና የፍቅር ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።