ነፍስያ በሌላ በር ስትመለስ

 

ዛሬ ስለ ነፍስያ ነው የምጽፍላችሁ። ከእናንተ ነፍስያ ሳይሆን ከራሴ ልጀምር፤ እርሷን በደንብ አውቃታለሁና።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በምሰጠው ደርስ ላይ ርዕሳችን ነፍስን መታገል ነበር። ስለ ትንሹና ስለ ትልቁ ጂሃድ የሚነገረውን፣ አብዛኞቻችሁ ከልጅነታችሁ ጀምሮ የሰማችሁትን ንግግር ጠቀስኩና «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብዬ አለፍኩ። ደርሱ አልቆ ሰዉ ሲበታተን፣ የውዱእ ቦታውን የሚያጸዱት አዛውንት ጠጋ አሉኝ። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኡስታዝ፣ ያ ቃል ቡኻሪ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የፈዷላ ሐዲስ ይሻል ነበር» አሉኝ። ሁለት ተማሪዎቼ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ፈገግ አልኩ። «ጀዛከላሁ ኸይር አባባ፣ ግን እኮ የሐዲስ ዒልም ሰፊ ነው፤ ጠሪቁ ብዙ ነው፣ ሙሐዲሶቹም ይለያያሉ…» እያልኩ እርሳቸው ሊመልሱት የማይችሉ የመሰለኝን የዐረብኛ ቃላት ደረደርኩባቸው። አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙኝና «አላህ ዒልሙን ይጨምርልህ ልጄ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሡ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ኪታቦቹን ገለጥኩ። ቡኻሪ ውስጥ የለም። ኢማም አል-በይሀቂ ስለ ዙህድ በጻፉት ኪታባቸው ዘግበውታል፤ ግን ሰነዱ ደካማ መሆኑን ራሳቸው ጠቁመዋል። አዛውንቱ ያነሡት የፈዷላ ኢብን ዑበይድ ሐዲስ ደግሞ ቲርሚዚ ዘንድ አለ፤ ሙጃሂድ ማለት ነፍሱን የሚታገል መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩበት ነው። ለደርሴ የሚያስፈልገኝ ትክክለኛው ማስረጃ እርሱ ነበር። ኋላ ስጠይቅ ሰውዬው በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ደረሳ ሆነው ዓመታት ኪታብ የቀሩ ናቸው። እኔ የማውቃቸው በመጥረጊያቸው ብቻ ነበር።

ስሕተቱን በሚቀጥለው ሳምንት አላረምኩም፤ ከዚያ በኋላ በነበረውም ሳምንት እንዲሁ። ነፍስያ እንደ ሙፍቲ ነው የምትናገረው፤ ፈትዋ አታጣም። «ሰዉ በደዕዋው ላይ ያለውን እምነት እንዳያጣ»፣ «መልእክቱ እንደሆነ ትክክል ነው»፣ «ለትንሽ ነገር ፊትና አትክፈት» ትለኛለች። ነፍስን ስለመታገል ደርስ ሰጥቼ፣ በዚያው ደርስ ውስጥ ነፍሴ አሸንፋኝ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

በመጨረሻ ስሕተቴን በጽሑፍ አረምኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። እርማቱን ባወጣሁ በሰዓታት ውስጥ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ትሕትና!» የሚሉ መልእክቶች ጎረፉ። ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወጣለሁ። የዒሻ ኢቃማ ሲባል ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፤ በፊት በር ያስወጣኋት ነፍስያ በጓሮ ዞራ ገብታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ስልክ የሌላቸው እኒያ አዛውንት ይህን እርማት አላዩም። ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጥፋቴን ነግሬ፣ ያስተባበልኳቸውን ሰው ግን አንድም ቃል አላናገርኳቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። ሰው እውነት «እኔነቱን» መተው ይችላል? የሚተወው ማን ነው? «እኔ እኔነቴን ተውኩ» ስል፣ ተውኩ የሚለው ያው «እኔ» አይደለምን? ኩራቴን ጥዬ ትሑት ስሆን በትሕትናዬ እኮራለሁ፤ በዚህ ኩራቴ አፍሬ ስመለስ ደግሞ «እንዴት ያለ ራሱን የሚፈትሽ ሰው ነኝ» እላለሁ። ማለቂያ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፍልስፍና የሚያስተምሩን መምህር ይህን ቢሰሙ አዙሪት ይሉታል።

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ እኔ ባለሁበት ዕድሜ ሳሉ ከዚህ የከበደ ነገር ገጥሟቸዋል። በሂጅራ 488፣ በፈረንጆቹ 1095፣ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ነበሩ፤ በዘመኑ ከዚያ በላይ የሚያስከብር የማስተማር ወንበር አልነበረም ማለት ይቻላል። «አል-ሙንቂዝ» በተሰኘው ኪታባቸው ራሳቸው እንደተረኩት፣ ለማስተማር ያላቸውን ኒያ ሲፈትሹ ለአላህ ብቻ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ ዝናና ክብር ፍለጋ ተቀላቅሎበታል። ልሂድ ልቅር እያሉ ወራት አመነቱ። ከዚያ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ተማሪዎቹ ፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው፣ ምግብም አልወርድ አላቸው። ገንዘባቸውን ለቤተሰብ ከሚበቃው በቀር አከፋፍለው ወደ ሻም ሄዱ፤ ደማስቆ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ እየዘጉ ይቀመጡ ነበር። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ማስተማሩ ሲመለሱ፣ ይህ መመለስ ቢመስልም መመለስ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ዱሮ የሚያስተምሩት ክብር የሚገኝበትን ዒልም ነበር፤ አሁን ክብር የሚተውበትን።

እኛ ግን ሁላችን ደማስቆ መሄድ አንችልም። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ። ደግሞም ሚናራ ላይ ቢወጡ ነፍስያ ደረጃ መውጣት አያቅታትም፤ ኢማሙ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔን ከአዙሪቱ ትንሽ ያወጣኝ፣ ሁለት የቁርኣን መልእክቶችን አጠገብ ለአጠገብ ማንበቤ ነው። በሱረቱ ሸምስ አላህ ነፍሱን ያጠራት ሰው መዳኑን በተከታታይ መሐላዎች ያረጋግጣል። በሱረቱ ነጅም ደግሞ ነፍሳችሁን ጥሩ ናት ብላችሁ አታወድሷት ይለናል፤ ማን እንደተጠነቀቀ የሚያውቀው እርሱ ነውና። አጥሯት፤ ግን ጠራች ብላችሁ አትመስክሩላት። ሥራው የእኛ ነው፣ ምስክርነቱ የእኛ አይደለም። እኔ የታመምኩት ሁለቱንም ለመሥራት ስሞክር ነበር። ነፍስያን ግደሏት አልተባልንም። ያቺው በመጥፎ የምታዝዘው ነፍስ ናት ወቃሽ የምትሆነው፤ ያቺው ናት አላህ ከሻ የምትረጋጋው።

ታዲያ መተው ማለት ምንድን ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኪብርን ሲያብራሩ በሁለት ነገር ነው የገለጹት፤ ሙስሊም ዘግበውታል። እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ። ያማረ ልብስና ጫማ መውደድ ኪብር እንዳልሆነ ለጠየቃቸው ሰው ነግረውታል። እስቲ የእኔን ታሪክ በዚህ መዝኑት፤ አዛውንቱ ላይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሠራሁት። እውነቱን ገፋሁ፤ የገፋሁትም የተናገረው ሰው መጥረጊያ ስለያዘ ነው። ያንኑ እርማት አንድ ከመዲና የተመረቀ ዶክተር ቢነግረኝ ኖሮ ደብተሬን አውጥቼ እጽፈው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ምክንያቱም ከዐረብ ሀገር የሚጽፉ እህቶቻችን ደጋግመው ይጠይቁናል። «አሠሪዬ የወራት ደሞዜን ከልክላኛለች፤ ስጠይቃት ትዕቢተኛ ትለኛለች። ነፍሴን ዝቅ ላድርግና ልተወው?» እህቴ ሆይ፣ ሐቅሽን መጠየቅ ኪብር አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አልቁድሲ አላህ በቂያማ ቀን ራሱ ተሟጋች ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሙሉ ሥራውን ወስዶ ዋጋውን የማይከፍል ነው። አላህ የቆመልሽን ሐቅ «ነፍስያሽ ናት» የሚልሽ ሰው የራሱን ነፍስያ ይፈትሽ። ነፍስን ስለማዋረድ ለተዋረደ ሰው መስበክ ቀላል ነው፤ ሰባኪውን ምንም አያስከፍለውም።

የሚያስከፍለውን ከአቡ ዘር (ረ.ዐ) ነው የተማርኩት። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። አል-መዕሩር የተባለ ታቢዒይ ረበዛ በተባለው ቦታ ሲያገኛቸው፣ አቡ ዘርና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ግራ ገብቶት ጠየቃቸው። አቡ ዘርም የራሳቸውን ጥፋት ነገሩት፤ አንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ተሰዳድበው በእናቱ አነወሩት። እናቱ ዐረብ አልነበረችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በአቡ ዘር ውስጥ ገና ጃሂሊያ እንዳለ ፊት ለፊት ነገሯቸው፤ በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሉ፣ ከምትለብሱት አልብሱ ብለው መከሩ። የተሰደበው ሰው ቢላል (ረ.ዐ) እንደሆነ ከሸራሖቹ የጠቀሱ አሉ። ከሆነ ያቺ የተነወረች እናት ሐበሻ ናት፤ የእኛ እናት።

ልብ በሉ፤ ይህን ታሪክ የምናውቀው አቡ ዘር በራሳቸው ላይ ስለተናገሩት ነው። ሲናገሩትም ስለ ተውበታቸው ብዙ አላወሩም። ጠያቂው ስለ ልብሱ ጠየቀ፣ እርሳቸውም ስለ ልብሱ መለሱ። ጥፋታቸው ወደ ጨርቅ ተለወጠ፤ ሌላ ሰው ሊለብሰው ወደሚችል ነገር። እንግዲህ እኛ ቤት ያለችው ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት ቁርስ የበላችው ከእኛ ጋር ነው ወይስ የተረፈውን ወጥ ቤት ቆማ? ዘይኑን ለብሰን ወደ ጁሙዓ ስንወጣ እርሷስ ምን ለብሳለች?

ስለ አላህ ፍቅር ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ስሜት እናወራለን፤ በዱዓ መሃል ስለሚመጣ እንባ። እንባውን አልንቅም፤ አላህ አይንፈገን። ነገር ግን ቡኻሪ በዘገቡት የታወቀው ሐዲስ አልቁድሲ የመንገዱ መጀመሪያ ፈርድ ነው፤ ማንም «እንዴት ያለ ሰው» የማይልበት፣ ሁሉም የሚሠራው ነገር። ከዚያ ሱና እየተጨመረ ይሄድና አላህ ባሪያውን ይወደዋል፤ የሚሰማበት፣ የሚያይበት፣ የሚይዝበት ይሆንለታል። ዑለማኦች እንዳብራሩት ይህ ማለት ባሪያው አምላክ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሱብሓነላህ! ጆሮው፣ ዓይኑና እጁ አላህ ወደሚወደው ይመራሉ ማለት ነው። ፍቅሩ የሚታየው እጅ ላይ ነው።

ልጇ ታሞባት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ የምታደርግ እናት አስቡ። በዚያ ሰዓት «እንዴት ያለች ከራሷ ይልቅ ሌላውን የምታስቀድም ሴት ነኝ» አትልም። ነፍሷን ታግላ ስላሸነፈች አይደለም፤ ጊዜ ስለሌላት ነው። ዓይኗ ልጁ ላይ ነው። እኔ ነፍስያዬን ሳፈጥባት የምታድገው ለካ በማፍጠጤ ኖሯል።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ አልቁድሲ ደግሞ አላህ በቂያማ ቀን ባሪያውን ስለ ታማሚ፣ ስለ ተራበና ስለ ተጠማ ሰው ይጠይቀዋል። የተራበውን ብታበላ ኖሮ ያንን እኔ ዘንድ ታገኘው ነበር ይለዋል፤ አጅሩን ማለት ነው። ስለ ታማሚው ግን ብትጠይቀው ኖሮ እርሱ ዘንድ እኔን ታገኘኝ ነበር ይለዋል። ይህን ልዩነት መጀመሪያ ያሳዩኝ የመድረሳ ሸኻችን ናቸው፤ ያኔ ለፈተና ሸመደድኩት።

ባለፈው ሳምንት ከዙህር በኋላ አዛውንቱን ፍለጋ ሄድኩ። ከውዱእ ቦታው ጎን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ጎንበስ ብዬ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ፤ «አባባ፣ ያን ዕለት ልክ እርስዎ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በኩራት…» አላስጨረሱኝም። «የቱን ነው ልጄ?» አሉኝ። ረስተውታል። ሳስታውሳቸው «እህ፣ ያ ነው?» አሉና «በል እስቲ ያቺን ጀሪካን አድርስልኝ፤ ውሃ ሊሄድ ነው» አሉኝ። አራት ጀሪካን አመላለስኩ። ሦስተኛው ላይ ጀለቢያዬ ራሰ። ማንም አላየኝም፤ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሰው ቢያየኝ ብዬ አንዴ ዞር ብያለሁ።

ይህንንም ስጽፍ ነፍስያዬ ከጎኔ ተቀምጣ ታነባለች። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ለእኔ ማሻአላህ አትጻፉልኝ። የአዛውንቱ ጉልበት ከብዷቸዋል፤ ሱጁድ ላይ ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ። ዛሬ ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ዱዓ አድርጉላቸው። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ አላህ ያውቃቸዋል።