በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል ወይ?

ለማንበብ፦ ዮሐንስ 10፥1–15፤ ዮሐንስ 6፥66–69፤ 3ኛ ዮሐንስ 9–11



ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ጠብ የሌለበት፣ ማንም የማይራብበት፣ ጥቁርና ነጭ እንደ ወንድማማች አብሮ የሚያርስበት፣ ሽማግሌ የማይጣልበት ቦታ አለ ቢሏችሁ አትሄዱም? እኔ በበኩሌ እሄድ ነበር። በተለይ እንደኛ አገሩን ጥሎ የወጣ፣ ነገውን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ልቡ ቶሎ ይነሣል። ይህን ታሪክ ለእናንተ መንገር የፈለግሁትም ለዚሁ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጂም ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ ነበር። በ1950ዎቹ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ አንድ ጉባኤ አቋቋመ፤ ስሙንም «የሕዝቦች ቤተ መቅደስ» አለው። በዚያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጥቁርና ነጭ አብሮ አይቀመጥም ነበር። እሱ ግን አንድ ላይ አስቀመጣቸው። የተራበ አበላ፣ ለሽማግሌዎች መጦሪያ ከፈተ፣ የተለያየ ዘር ያላቸው ልጆች ወስዶ አሳደገ። አፉም ጣፋጭ ነበር። ሰዉ የተከተለው እንዲሁ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ያየው መልካም ነገር በዓይኑ ያየው፣ በእጁ የበላው ነበርና።

ጉባኤው ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በዛም። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሽታ ፈወስኩ እያለ በሰው ፊት የሚያሳየው «የወጣ ካንሰር» የዶሮ ሆድ ዕቃ ነበር። ሰዎች ቤታቸውንና የጡረታ ገንዘባቸውን ለጉባኤው አስረከቡ። ስለ ኢየሱስ መስበኩ እየቀነሰ ሄደ፤ ስለ ራሱ መናገሩ እየበዛ መጣ። ጋዜጠኞች መጠየቅ ሲጀምሩ፣ በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡን ይዞ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ጉያና ተሻገረ። በጫካ መካከል ጆንስታውን የተባለ መንደር ነበራቸው። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች እዚያ ኖሩ።

ከውጭ ለሚያየው ገነት ነበር። እርሻ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ መዝሙርና ጭፈራ አለ። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ፓስፖርታቸው ተሰብስቧል። ደብዳቤያቸው ይነበባል። የጆንስ ድምፅ ቀንም ሌሊትም በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን እንዲያሳብቅ ይደረጋል። አንዳንድ ሌሊት ሁሉንም ቀስቅሶ «ጠላት ደረሰብን» ይላቸዋል። መርዝ ነው ብሎ አጠጥቷቸው ሲያበቃ፣ ታማኝነታችሁን ልፈትን ነው ያለበትም ጊዜ ነበር።

በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. ሊዮ ራያን የተባለ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ የዘመዶቻቸው ነገር ያስጨነቃቸው ቤተሰቦች ስለ ጮኹ ሊያይ መጣ። በመጀመሪያው ምሽት ሙዚቃ ተመታ፣ እራት ቀረበ። ራያንም ለአንዳንዶቹ ይህ ቦታ ከሕይወታቸው ሁሉ የተሻለ ነገር እንደሆነ ሰምቻለሁ ብሎ ሲናገር፣ ሰዉ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ። በዚያው ምሽት ግን አንድ ሰው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለእንግዶቹ በድብቅ ሰጠ፤ ከዚህ አውጡን የሚል ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባና ያቺ ብጣሽ ወረቀት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቦታ ነበሩ። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ።

በማግስቱ፣ ኅዳር 18፣ ጥቂት ሰዎች ከራያን ጋር ሊወጡ ተነሡ። የጆንስ ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ተከትለው ተኮሱባቸው፤ ራያንን ጨምሮ አምስት ሰው ሞተ። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ጆንስ ሁሉንም ሰብስቦ መርዝ የተቀላቀለበት መጠጥ አስቀረበ። መጀመሪያ የሰጡት ለልጆቹ ነው። ዙሪያውን መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ቆመው ነበር። በጆንስታውን በዚያ ቀን 909 ሰው አለቀ፤ ከእነርሱም ወደ 300 የሚጠጉት ልጆች ናቸው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው አትበሉ። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. በኡጋንዳ፣ በካኑንጉ፣ የዓለም መጨረሻ ደረሰ ሲባሉ የኖሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጸሎት ቤታቸው ውስጥ ተቃጥለዋል። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ከመሬት ወጥቷል፤ ብዙዎቹ በጾም ጌታን ታገኛላችሁ ተብለው የተራቡ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ደግ ሰው ለክፉ ሰው እስከዚህ ድረስ የሚታዘዘው እንዴት ነው?

መልሱን ሩቅ ሳልሄድ ከራሴ ላምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ብሎክ አንድ ወንድም የጸሎት ቡድን ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደስ የሚል ነበር። ለታመመ ሰው ከቦኖ ውኃ እናመላልሳለን፤ የአንዲት አሮጊት የላስቲክ ቤት ሲቀደድ ተሰብስበን እንጠግናለን። እኔም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርኩ። በኋላ ግን «ፕሮሰሳችሁ እንዲከፈት» እያለ ጾም ያዝዝ ጀመር። ከሬሽናችን ዱቄት፣ ካለን ገንዘብ ላይ መዋጮ ይሰበስባል። ከሌላ ብሎክ ሰው ጋር ቡና መጠጣት መንፈስ ያደክማል ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ፤ እኛ ግን ወተቱን እየጠበቅን ተቀመጥን።

አንድ ቀን አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እስካሁን ያዋጣነው ዱቄት ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። እሱ ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰም። የመለስኩት እኔ ነኝ። «እማማ፣ ሰላማችንን አይበጥብጡብን» አልኳቸው። ሌሎቹም አጉረመረሙባቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ሰውዬው ብዙ ሳይቆይ ከካምፑ ጠፋ፤ ያዋጣነውም አብሮት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ እሳቸውን ቦኖ ላይ ሳገኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። ይቅርታ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ። ስጠይቃቸው፣ «አንተ እኮ ክፉ ሆነህ አይደለም፤ ፈርተህ ነው» አሉኝ። ነገሩ አስጨነቀኝ። ምን ነበር የፈራሁት? ሰውዬው ዱላ እንኳ አልነበረውም። የፈራሁት ውጭ መቅረትን ነው። ከስንት ዓመት ብቸኝነት በኋላ ስሜን እየጠራ የሚቀበለኝ ቤት አግኝቼ ነበር፤ እሱን እንዳላጣ ብዬ የእናትን እውነት ረገጥኩ። በዚያ ቤት የነበረውን ዝምታ ሰላም ነው ብዬ ነበር። ሰላም አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

አሁን ቃሉን እንመልከት። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ራሱን በር ብሎ ይጠራል፤ በእሱ በኩል ያለው በግ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም እንዳለው ይናገራል። ወጥቶም መሰማሪያ ያገኛል። ምዕራፍ 6 ላይ ብዙዎች ትተውት ሲሄዱ ጠባቂ አላቆመም፣ ከኋላቸው አልተራገመም። እንዲያውም ወደ አሥራ ሁለቱ ዞሮ እናንተስ መሄድ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጴጥሮስ የቀረው በሩ ክፍት ሆኖ ነው። የወደደ ሰው መቅረቱ እምነት የሚሆነው መሄድ ሲችል ነው። መሄድ የማይችል ሰው መቅረቱ ግን እስር ነው።

በሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ደግሞ ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው አለ። ምን አደረገ? ዋና መሆንን ወደደ፤ እንግዶችን አልቀበልም አለ፤ ሊቀበሉ የሚፈልጉትንም ከለከለ፣ ከጉባኤም አስወጣ። ሐዋርያው ስሙን ጠርቶ ሥራውን በግልጽ ጻፈ። ለሰላም ሲባል ዝም እንበል አላለም።

ይህን ስል «ታዲያ ለመሪዎቻችሁ ታዘዙ የሚለውስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መታዘዝ መልካም ነው፤ ያለ ሥርዓት የውኃ ሰልፍ እንኳ አይሄድም። ግን ያው ዕብራውያን ምዕራፍ 13 መሪዎቹ መልስ እንደሚሰጡ ይናገራል። መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠየቃል ማለት ነው። ጳውሎስ እንኳ በእምነታችሁ ላይ ጌቶች አይደለንም ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ኅሊናችሁን ለማንም ሰው በአደራ እንድታስቀምጡ እግዚአብሔር አላዘዘም።

ደግሞም ሁሉን ሰው እንጠርጥር ማለቴ አይደለም። የሚያገለግሉን ብዙ ደጋግ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እነሱን ከሌሎቹ ለመለየት ከባድ ዕውቀት አያስፈልግም። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ጥያቄ ሲቀርብለት ይመልሳል ወይስ ጠያቂውን ያሳፍራል? ከዘመድና ከጎረቤት ያቀራርባችኋል ወይስ ይለያችኋል? መሄድ የሚፈልግ ሰው በሰላም ይሸኛል ወይስ ይረገማል? ደግ መሪ እነዚህን ስትጠይቁት አይከፋም፤ ደስ ይለዋል።

በጆንስታውን የመጨረሻ ሰዓት የተቀዳ ካሴት አለ። በዚያ ካሴት ላይ ክርስቲን ሚለር የምትባል ሴት ተነሥታ ልጆቹ መኖር ይገባቸዋል ብላ ጆንስን ስትከራከር ትሰማለች። ያስቆማት እሱ ብቻ አልነበረም። የገዛ ወንድሞቿና እህቶቿ ጮኹባት። ያን ሰዓት ከመካከላቸው አሥር ሰው እንኳ «ትናገር፣ እንስማት» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጠባቂዎቹ ነበሩና አላውቅም። በእኛ ብሎክ ግን ጠባቂ አልነበረም። እኔ አንድ ሰው ብሆን ኖሮ ይበቃ ነበር።

በቡድን ለመወያየት፦
1. ሰላምንና ዝምታን በምን እንለያለን?
2. በመካከላችን ጥያቄ ጠይቆ ያሳፈርነው ሰው አለ? ማን ሄዶ ያነጋግረው?
3. የእኛ ኅብረት በር ወደ ውጭም ይከፈታል ወይ?

ጸሎት፦ መልካም እረኛ ሆይ፣ ብቸኝነታችንን ታውቃለህ። ለተሸከመን ሁሉ እንዳንሸጥ ጠብቀን። የሚጠይቀውን የምንሰማበት ጆሮ፣ ከእሱ ጎን የምንቆምበት ልብ ስጠን። አሜን።