«ድንገት ገባብኝ»

በአማርኛ ውስጥ እንደ «ድንገት» ምቹ ቃል ያለ አይመስለኝም። ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር «ድንገት አመለጠኝ» እንላለን። የዕዳ መክፈያ ቀን ሲደርስ «ድንገት ደረሰብኝ» እንላለን፤ ቀኑ እኮ ከስድስት ወር በፊት በገዛ እጃችን ፈርመንበታል! መንገድ ላይ የሆነ ነገር ስንገጭ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ድንገት ገባብኝ»። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ይህችን ቃል ሳልመረምር ስጠቀምባት ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ለአንድ ወጣት እንደ መድኃኒት ሰጠሁት። መድኃኒቱ አልሠራም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ወጣቱ የእህቴ ልጅ ነው። ባሌ ውስጥ የመስክ ሥራ ተቀጥሮ በሞተር ብስክሌት ከወረዳ ወረዳ ይዞራል። አንድ ምሽት አንዲት የሥራ ባልደረባውን ከኋላው አፈናጥጦ ከአዳባ ወደ ሮቤ ይመለሳል። ዲንሾ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ አንዲት የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ግራ ብቅ ትላለች። ሞተሩ ጎኗን መታት። የእህቴ ልጅ እግሩና የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ባልደረባው ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ለሁለቱ የነበራቸው ሄልሜት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የነጂው ራስ ላይ ነበር።

አጋዘኗን ታውቋታላችሁ። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸውን አሥር ሳንቲም አስታውሱ፤ በላዩ ላይ ያለው ባለ ጠምዛዛ ቀንድ የእሷ ወገን ነው። ኒያላ እያልን ስሙን ለሲጋራም ለኢንሹራንስም ሰጥተነዋል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሳይንስ ሰዎች እንኳ መዝግበው ስም የሰጡት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሴቷ ቀንድ የላትም፣ በመጠንም ታንሳለች፤ ቢሆንም ለሞተረኛ ተራራ ናት። ጋይሳይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ እዚያው በፓርኩ ውስጥ ያልፋል። በዚያ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው፣ ከመንገዱ ዳር ሲግጡ በመስኮት አይቷቸዋል። መንገዱ ነው እንግዳው፤ እነሱ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ጠያቂው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው። «አንተ ምን ታደርግ? አውሬው ነው ድንገት የገባው።» ሪፖርቱም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው አሉ። ከለቀስተኞቹም መካከል «የእግዜር ቁጣ ነው» ያለ አለ። እኔም ተራዬ ሲደርስ እጁን ይዤ፣ «ልጄ፣ ራስህን አትውቀስ፤ ድንገት ለገባ አውሬ ማን ምን ያደርጋል?» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ አላየኋትም እንጂ መኖሯንማ አውቅ ነበር» አለኝ።

ምን ልበለው? ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ በጠባብ መንገድ ላይ ተጣልቶ፣ አባቱ መሆኑን ሳያውቅ አባቱን ስለ ገደለው ስለ ኤዲፐስ ከተማሪዎቼ ጋር በየዓመቱ እከራከር ነበር። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ እኔ በመጨረሻ «ትራጀዲ ማለት ይኸው ነው» ብዬ ጠመኔዬን አስቀምጬ ቡና ልጠጣ እወጣለሁ። እዚህ ግን ወጥቼ የምሄድበት ቡና ቤት አልነበረም። ደግሞስ ኤዲፐስ አላወቀም፤ ይኼ ልጅ ግን አውቅ ነበር እያለኝ ነው።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ አሰላሁት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይን አይቶ እጅና እግር ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ ሥራውን የሚጀምረው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲገኝ ከ50 ሜትር በላይ ተሄዷል። የዚያ አሮጌ ሞተር መብራት የሚያሳየው ቢበዛ 40 ሜትር ነው። እንስሳዋ ግራጫማ ቡኒ ናት፤ ሲመሽ ከሣሩና ከቁጥቋጦው አትለይም። እንግዲህ ይህ ልጅ ከመብራቱ ቀድሞ እየሮጠ ነበር ማለት ነው። ባያት ኖሮም አይቆምም ነበር። የእሷ ነገር የተወሰነው እሷ ብቅ ስትል አይደለም፤ ከአዳባ ሲወጣ፣ «መሽቷል፣ ቶሎ እንድረስ» ብሎ ነዳጁን ሲሰጥ ነው።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑ የታወቀ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ያልጠበቀው እንደሆነ ግን፣ ባለቤቱም ራሱ ተጠያቂ ነው። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ጊዜ ውጊያው ድንገተኛ ነው። ልዩነቱ አስቀድሞ በመታወቁ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት የባለቤቱን ኃላፊነት፣ ሞተርና ተሽከርካሪ ለሚያደርሰውም የባለቤቱን ኃላፊነት፣ «አላጠፋሁም» ማለት ከማያድንበት አንድ ጎራ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። እኛ ግን ባሌ መንገድ ላይ ተዋጊው በሬ የቱ እንደሆነ ተምታቶብናል። አውሬ አውሬ የምንለው ሣር የሚግጠውን ነው። ተዋጊነቱ የታወቀው፣ የተነገረንም፣ ከእግራችን በታች ያለው ነው።

«ታዲያ አጥንቱ የተሰበረን፣ ሐዘን የገባውን ልጅ ጥፋተኛ ነህ ማለት ጭካኔ አይሆንም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ግን ጥፋትና ክፋት ሁለት ነገሮች ናቸው። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም፤ ሣር የምትግጥን እንስሳ ቀርቶ ጉንዳንም አይረግጥም። አጥፍቷል ግን። «ምንም አላጠፋህም» ስንለው ያዘንለት ይመስለናል፤ የምንነግረው ግን ሌላ ነው። «ነገም ብትነዳ በእጅህ ያለ ነገር የለም» እያልነው ነው። ለእነዚያ ሁለት ሕፃናትም እናታችሁ የሞተችው በምንም ምክንያት ነው እያልናቸው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የሚለቀም ነገር የለም። ቢያንስ ማን እንዳፈሰሰው ይነገር።

ሲነገር ደግሞ እሱ ብቻውን አይቆምም። ለሁለት ሰው አንድ ሄልሜት የሰጠ መሥሪያ ቤት አለ። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይገኝ ያለ ኃላፊ አለ። እዚያው መንገድ ላይ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሹፌሩን «ኧረ ንካው! ሳይመሽ እንግባ» ያልኩ እኔም አለሁ። ሹፌሩ አንድ ነገር ቢገጭ ኖሮ እኛ በብረት ውስጥ ተከልለናል፤ አንድ ጊዜ ንዝረት ሰምተን እንቀጥል ነበር። ሞተረኛ ብረቱ የለውም። እንስሳዋም እሱም ሥጋ ናቸው፤ በአንድ አስፋልት ላይ ነው የሚወድቁት። ፍጥነት ምን እንደሆነ ደብቆ የማያሳልፈን ተሽከርካሪ ቢኖር ሞተር ብስክሌት ነው።

እንስሳዋስ? ይህን ከጠያቂው ሁሉ መካከል ያነሣ የለም፤ እኔም አላነሣሁም። የጠየቀው ራሱ ልጁ ነው። ተነሥታ እያነከሰች ወደ ጫካው ገባች አሉት፤ ከዚያ በኋላ የተከታተላት የለም። ስዊድን የሚኖር አንድ ወዳጄ እንደነገረኝ፣ በዚያ አገር መኪና ይዞ አጋዘን የገጨ ሰው ለፖሊስ መደወልና ቦታውን ምልክት ማድረግ የሕግ ግዴታው ነው፤ አዳኝ መጥቶ የቆሰለውን እንስሳ ፈልጎ ከሥቃይ እንዲገላግለው። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው እንዳንል፣ ምልክት ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ጨርቅ ነው። ነገሩ ከገጨህ በኋላም አልጨረስክም የሚል ሐሳብ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል። የባልደረባው ሙት ዓመት ሲወጣ አብሬው ሄጄ ነበር። ሰው ጋብ ሲል ወደ ባሏ ጠጋ አለና፣ «ፈጥኜ ነበር፤ እዚያ እንደሚያቋርጡም አውቅ ነበር» አለው። እኔ ደነገጥኩ፤ ጠብ የሚነሣ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ።

ከዚያም፣ «እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለ አውሬው ነበር» አለ። የሚቀመጥበትም ዱካ አቀረበለት።