እኔ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ነኝ?

ባለፈው ዓመት ለወጣቶች ኅብረት ስለ አመጋገብ ሳስተምር፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ገለጥኩ። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ስለሆነ መወፈር ቤቱን ማበላሸት ነው አልኩ። ስንጨርስ አንዲት እህት ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ታዲያ እኔ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ነኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው ስለ ዝሙት ነው፤ ስለ ኪሎ ምንም አላለም። ሰውነትሽ በዋጋ የተገዛ የጌታ ንብረት ነው ይልሻል። እኔ ግን የማን እንደሆንሽ የሚናገረውን ቃል የመልክ መመዘኛ አደረግሁት። ዳንኤል 1ንም እንዲሁ አድርገነዋል። «የዳንኤል ጾም» እያልን ለመክሳት የምንጾም አለን (እኔም ሞክሬዋለሁ)። ታሪኩ የሚነግረን ግን ጥራጥሬ የበሉት ወጣቶች ከ10 ቀን በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረው መታየታቸውን ነው! የፈለጉትም በንጉሡ ማዕድ አለመርከስን እንጂ ቅርጽን አልነበረም።

በእናቶቻችን አፍ «ወፈርሽ» ማለት ተመቸሽ፣ ቤትሽ ጠገበ ማለት ነበር። ዛሬ ቃሉ የሚያገኛት፣ ወገባቸው የቀጠነ ዳሌያቸው የሰፋ ሴቶችን በስልኳ ስታይ ያመሸችውን ልጅ ነው። ልብ በይ፤ በአንድ ጊዜ ክሺም ወፍሪም እየተባለች ነው። ስለዚህ አንዷ ምግብ ትተዋለች፣ ሌላዋ ያለ ሐኪም ትእዛዝ «የሚያወፍር ኪኒን» ትገዛለች። ለዚህ ከሚወሰዱት አንዱ ዴክሳሜታሶን ነው። ፊት ይሞላል፤ ሲቆይ ግን የደም ስኳርንና ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በሽታን የመከላከል አቅም ያዳክማል። ጀምረሽ ከሆነ በድንገት አታቋርጪው፤ ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል አደገኛ ነው። አፍረሽ አትቅሪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጂም የምትውሉ ወንድሞች፣ ጡንቻ ያሳብጣል እየተባለ የሚሸጥላችሁም ነገር አለና ይህ ለእናንተም ነው።

ክብደት ከጤና ጋር አይገናኝም እያልኩ አይደለም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል፤ ከልክ ያለፈ መክሳትም የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። ነገር ግን ኪሎን ከቁመት ጋር አስልቶ ለአዋቂ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ጤናማ የሚለው መለኪያ መነሻው፣ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብን አማካይ ያጠና የነበረው ቤልጅየማዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። ቁጥሩ ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስቡ ዳሌሽ ላይ ይሁን ሆድሽ ውስጥም አያውቅም፤ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ የሆዱ ነው። ሰፊ ዳሌ ይዘሽ ተወልደሽ ከሆነ መስታወት ስለ ጤናሽ ብዙም አይነግርሽም።

ያቺን እህት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» ብቻ አለችኝ። ባለፈው እሑድ በር ላይ ሳገኛት «ምነው ከሳሽ?» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «ፈተና እንዴት ነበር?» አልኳት።