የሚጎዳን ሁሉ ክፉ ነውን?

ወጣት ምእመናን ሆይ! በውይይት ጉባኤያችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚጎዳንን ሁሉ ክፉ ነው ብለን ልናጠፋው ይገባናልን? የሚል ነው። እኛም ለዛሬ መልሱን ከሥነ ፍጥረት ለመፈለግ ወደን፥ በደቡብ አሜሪካ የሚኖረውን አንድ በቀቀን ምሳሌ አድርገናል።

ብራዚልን፥ ቦሊቪያንና ፓራጓይን በሚያዋስነው ፓንታናል በተባለው ሰፊ ረግረግ ሰማያዊው ማካው ይኖራል። ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 1 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከሚበርሩት በቀቀኖች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። ላባው ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፥ በዓይኑ ዙሪያና በምንቃሩ ሥር ቢጫ ነው። በፓንታናል ዋና ምግቡ የሁለት ዓይነት ዘንባባ ፍሬ ነው፤ እኛ በመዶሻ የምንታገለውን ቅርፊት እርሱ በምንቃሩ ይፈረክሰዋል። ከብቶች ሥጋውን በልተው ከእበታቸው ጋር የጣሉትን ፍሬ እንኳ አይንቅም፤ ያን ያህል ውበት ይዞ እበት መካከል መልቀሙ እኛን ሳያስገርመን አልቀረም።

ጎጆው ግን ችግር አለበት። በዚያ አገር ከመቶ ዘጠናው የሚበልጠው ጎጆ የሚገኘው ማንዱቪ በተባለ በአንድ ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዛፉም ለዚህ የሚበቃ ቀዳዳ የሚኖረው 60 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው።

ጠላትም አለበት፤ ትልቅ ብርቱካናማ ምንቃር ያላት ቱካን የተባለች ወፍ እንቁላሉን ትበላበታለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ከተበሉት የማካው እንቁላሎች 53 ከመቶው የጠፉት በእርስዋ ነው። ይህን የሰማ ወጣት «እንግዲያው ቱካንን ማጥፋት ነዋ!» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ገልጧል፤ ከሚሠራጨው የማንዱቪ ዘር 83 ከመቶውን ፍሬውን እየበላች ወዲያና ወዲህ የምትበትነው ያችው ቱካን ናት። እንቁላል በሊታዋ ቤት ተካይ ሆና ተገኘች! ዛሬ ብትጠፋ የዛሬው እንቁላል ይድናል፤ ከ60 ዓመት በኋላ የሚወለደው ግን የሚያርፍበት ግንድ አያገኝም።

በዚህ ላይ ከመካከላችን ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። «እንዲህ ከሆነማ የይሁዳም ክህደት መዳንን ስላስከተለ ይሁዳ በደል የለበትም ልትሉ ነው» የሚል ነው። አይደለም! ቱካን የምትበላው ርቧት ነው፤ የምትዘራውም ሳታውቅ ነው፤ ስለዚህ ኃጢአትም ጽድቅም አይቈጠርላትም። ይሁዳ ግን እያወቀ መርጧል። በ1980ዎቹ ዓመታት ማካውን በሺህ እየያዙ ለገበያ ያወጡት ሰዎችም እንዲሁ እያወቁ ነው ያደረጉት። በደለኛው ከበደሉ ነጻ ነው አላልንም፤ የእኛ ጥያቄ በፈራጁ ላይ ነው። የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ የምናውቅ ሁሉ፥ ለመንቀል የቸኮሉት ክፉዎች ሳይሆኑ ታማኝ አገልጋዮች እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ነቃዩ የሥሩን መጠላለፍ ከላይ ሆኖ ማየት አይችልም።

ታዲያ እንቁላሉ ዝም ተብሎ ይበላ ማለት ነውን? ኔቫ ጌዴስ የተባሉ ብራዚላዊት ተመራማሪ ከ1990 ገደማ ጀምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፓንታናል ሲደክሙ ቆይተዋል። ከዛፎቹ ላይ ከእንጨት የተሠሩ ሣጥኖችን ለጎጆነት ሰቅለዋል፤ አፉ የሰፋውንም የግንድ ቀዳዳ በእንጨት አጥብበዋል። ሰማያዊው ማካው በ2014 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ መዝገብ ከነበረበት የአደጋ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ብሏል። ቱካንም በዚያው አለች፤ ፍሬዋን ትበላለች።