የአያት ስም

ሰሞኑን አዲስ አበባ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የልጅ ልጆች ሌሊቱን ሲደዋወሉ አደሩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የአያታቸውን የሕይወት ታሪክ አሟልቶ የሚጽፍ ጠፋ። ዕድሜያቸው ስንት ነበር? አንዱ ዘጠና ሁለት አለ፣ ሌላዋ ዘጠና ስድስት። የት ተወለዱ? «እዚያው ሸዋ ነው» ተባለ። የአባታቸው ስም ማን ነበር? እዚህ ላይ መስመሩ ጭር አለ። ከመታወቂያ እስከ ፓስፖርት፣ «የአያት ስም» በሚለው ቦታ ላይ የእኒህን ሰው ስም ሲጽፍ ያደገ ጎልማሳ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ አቃተው። ድሮ ሰባት ቤት የማይቆጥር ልጅ ሚስት እንኳ አይታጭለትም ነበር!

ካናቴራው ግን አልዘገየም። የሟች ፎቶ ያለበት፣ «ነፍስዎን በገነት ያኑርልን» የሚል ጥቁር ካናቴራ ገና ሳይነጋ ታትሞ ደረሰ። ፎቶው ላይ ደረታቸው ኒሻን ተደርድሮበታል። የምን ኒሻን እንደሆነ ከለባሾቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ወረቀቱም ከመቃብሩ በፊት ተነበበ፦ ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፣ አገራቸውን በውትድርና አገልግለዋል። ስሙን ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል።

«በውትድርና አገልግለዋል» የምትለዋ አንዲት መስመር የዋጠችው የኮሪያን ዘመቻ ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ፑሳን ገባ። ቃኘው የሚለውን ስም ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት ከአባታቸው ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ወስደው ነው፤ ንጉሥም ቢሆን የአባቱን ፈረስ ስም አልረሳም ማለት ነው። ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ የለም። ከበረዶው፣ ከምሽጉ፣ ከፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ የተረፉት ደግሞ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተዋል። አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያቸውን ስንቱ ነው በታክሲ እያለፈ ቀና ብሎ የማያየው!

እርግጥ ሽማግሌዎቹም ዝም ብለዋል። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ለደቡቡ መዝመት የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ሆነ፤ ብዙዎቹ ኒሻናቸውን ከሣጥን ሥር ደበቁ። ያ ዘመን ካለፈ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ደርግ የልጅ ልጅን አፍ አልያዘም። ከሴኡል ድረስ ካሜራ ተሸክመው የሚመጡ ኮሪያውያን የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ቁጭ ብለው ሲቀዱ፣ የገዛ የልጅ ልጃቸው በሚቀጥለው ክፍል ኳስ ያያል። አሳፋሪ ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሟቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማዕድ ላይ የመጨረሻዋን እንጀራ አይነኩም፤ ከሞሰቡ ጥግ ያስቀምጧትና «ለሚመጣ ሰው ናት» ይላሉ። ቤተሰቡ «የአባባ ቁጠባ» እያለ ይስቅ ነበር፤ ዛሬም ልጆቹ ሳያስቡት ያደርጉታል። ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ጭስ በጭስ ሲሆን፣ በ1911 ዓ.ም. ሰው የፈጀውን የሕዳር በሽታ ስንት ሰው ያስባል? ጭሱ አለ፣ ነገሩ ጠፍቷል። እንጀራዋም እንደዚያው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ዓድዋ ያዩትን በእጃቸው ጽፈው ባያስቀምጡ፣ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የታተመው መጽሐፍ ከየት ይመጣ ነበር? ሁሉም አያት ግን ብዕር አያነሣም። የልጅ ልጅ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ድምፅ ይቀዳል፤ ቀይዋን ክብ መንካት ብቻ ነው። ያቺ ቀይ ክብ ለዘፈን፣ ለቀልድ፣ ለሰርግ ጭፈራ ስትነካ ትውላለች፤ ለአባባ ሲሆን ባትሪ የለም።

አያቱ በሕይወት ያለ ሰው የፊታችን እሑድ ይሂድ። ቡና ይፈላ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ የአባታቸው ስም ይጠየቅ፣ ከዚያ የአባታቸው አባት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ያፈሩበት ቀን፣ የፈሩበት ሌሊት። ቢደጋግሙም ይሰማ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የአለቃን ወሬ ሦስቴ ሰምቶ ሦስቴ የሚስቅ ሰው፣ አያቱ ሁለተኛ ሲያወሩ ሰዓት ማየቱ ምን ይባላል?

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተቀምጠው ነበር። የሟች የዘመቻ ጓደኛ ናቸው። ንፍሮ ሲቀርብላቸው ግማሹን ሰሃኑ ላይ ተዉት፤ አጠገባቸው የነበረች ጎረቤት «ምነው አባባ፣ አልተስማማዎትም?» አለቻቸው።

«ልማድ ነው» አሉ። «እዚያ ስንበላ ሕፃናቱ ቆርቆሮ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይቆሙ ነበር። ሳይተውላቸው የሚበላ አልነበረም። እሱማ ከሁላችንም ይብስ ነበር።»

ካናቴራ የለበሱት ልጆች መጡ። አዛውንቱ ቀና አሉ። አንደኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ «አባባ፣ ወደዚህ ይመልከቱ» አላቸው፤ ፎቶው ተነሣ፣ አመስግነው ሄዱ። እሳቸው ሰሃኑን ለጎረቤትየዋ አቀብለው፣ ታክሲ እንዲጠራላቸው ጠየቁ።