የጆሮ ጩኸትና የልብ ሰላም

በሰው ልጅ ላይ ከሚመጡት ደዌዎች አንዳንዶቹ በዓይን የሚታዩ፥ በእጅም የሚዳሰሱ ናቸው። ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን አሳይቶ ርኅራኄን ያገኛል፤ እግሩ የተጎዳ በምርኩዙ፥ ዓይኑ የታወረ በመሪው ይታወቃል። ሌሎቹ ደዌዎች ግን ከታማሚው በቀር ምስክር የላቸውም። ከእነዚህም አንዱ «ጆሮዬ ይጮኻል፤ ጭው ይልብኛል» እየተባለ የሚነገረው ነው። ከውጭ አንዳች ድምፅ ሳይኖር ለአንዱ እንደ ፉጨት፥ ለሌላው እንደ ንብ መንጋ፥ ለሦስተኛውም እንደ ሩቅ ፏፏቴ ሆኖ ቀንና ሌሊት ይሰማል። በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን ምንም አይሰማም። ስለዚህ ታማሚው ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንደኛው ድምፁ ነው፥ ሁለተኛውም የሚያምነው ሰው ማጣቱ ነው።

በዚህ ደዌ የተያዘ ምእመን በልቡ የሚያመላልሰው፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ንስሓ አባቱ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አለ። ጸልዮአል፥ በጸበል ተጠምቆአል፥ ወደ ሐኪምም ሄዶአል፤ ድምፁ ግን አልተወውም። እንግዲህ ሌላ ሕክምና ቢፈልግ ትዕግሥትን ማጣት ይሆንበታልን? ዝም ብሎ ቢቀበለውስ ተስፋ መቁረጥ ይሆንበታልን? ይህ ጥያቄ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው በዓለም ላይ ከመቶ ዐዋቂዎች 14 ያህሉ፥ ማለት ከ740 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህን ድምፅ ሰምተዋል፤ ከ120 ሚሊዮን ለሚበልጡትም ጽኑ ሕመም ሆኖባቸዋል። ስለዚህ በየአጥቢያው ለቅዳሴ ከሚቆመው ሕዝብ መካከል ይህ ደዌ ያለበት ሰው እንደማይታጣ ማሰብ ይገባል።

አስቀድመን የደዌውን ጠባይ እንመልከት። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የድምፅን እንቅስቃሴ ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በብርቱ ጩኸት፥ በእርጅና ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ከሞቱ በሰው ጆሮ ውስጥ ተመልሰው አይበቅሉም። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት አንጎል ከጆሮ ይመጣለት የነበረው መልእክት ሲጎድልበት የራሱን የማዳመጥ ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ በዚህም ጊዜ በውጭ የሌለ ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጆሮን የደፈነ ኩክ ሲወጣ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒንና ከመጠን ያለፈ አስፕሪንም ጆሮን ያስጮኻሉ። ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፥ እንደዚሁም ጄንታማይሲን መስማትን እስከ መጉዳት ሊደርሱ ይችላሉ። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ይህ ደዌ የሥጋ ደዌ ነው እንጂ የልዩ ኃጢአት ምልክት ወይም የአጋንንት ሹክሹክታ ነው ተብሎ በችኰላ ሊፈረድበት አይገባም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ሕክምናን መፈለግ ከእምነት ጋር የማይስማማ ነው የሚሉ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ድጋፍ አያገኙም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ፈውስን የሰጠ አምላክ በለሱን አልናቀም። ወንጌልን ከጻፉት አራቱ አንዱ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት በሕክምና መጠቀም ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ተጠይቆ መልሶአል። ሕክምና እንደ እርሻ ሁሉ ለደካማው ሥጋችን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ረድኤት ነው፤ ስለዚህ አይጣልም፤ ነገር ግን ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል አይገባም አለ። ይህ አባት በቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ መጠለያ ያሠራ መሆኑ ቃሉን በሥራ አጽንቶታል።

ስለዚህ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። የሚያስቸግረው ግን የአፈላለጉ ነገር ነው። አንድ ሰው ሕክምናን እየፈለገ ሥራውን ሊሠራ፥ ቤተ ሰቡን ሊወድ፥ ጸሎቱንም ሊያደርስ ይችላል። ሌላው ግን ኑሮውን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ያንጠለጥለዋል፤ «ይህ ድምፅ ዝም ያለ ዕለት» ይላል። ድምፁ ዝም ያለ ዕለት እጸልያለሁ፥ ድምፁ ዝም ያለ ዕለት ወዳጆቼን እጠይቃለሁ፥ ድምፁ ዝም ያለ ዕለት ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው ሰው ሳያውቀው ድምፁን ጌታ አድርጎ በላዩ ሾሞታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ በመለመኑም አልተነቀፈም። መውጊያው ሳይወሰድለት ጸጋው እንደሚበቃው ተነገረው፤ እርሱም መውጊያው እስኪወጣለት ድረስ ስብከቱን አላቆየም። ይህ ምሳሌ ሁለቱንም ያስተምረናል፤ ደጋግሞ መለመን እንደሚገባና ሕይወትን ግን ከልመናው ፍጻሜ በኋላ እንድትጀምር አድርጎ ማቆየት እንደማይገባ።

በዚህ ላይ ጸጥታና ሰላም አንድ አለመሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች መስማታቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቁአቸው። ከመቶው 94 እጅ የሚሆኑት በጆሮአቸው ወይም በራሳቸው ውስጥ አንዳች ድምፅ መስማታቸውን ተናገሩ። እንግዲህ ፍጹም ጸጥታ ለጤነኛውም ሰው እንኳ የተሰጠ አይደለም። በእርግጥ የታማሚው ድምፅ ከጤነኛው ይልቅ የበረታ ነው፤ ሕመሙንም ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ ዛሬ ያሉ ሐኪሞች እንደሚናገሩት የሥቃዩ መጠን በድምፁ ከፍታ ብቻ አይለካም፤ አንጎል ድምፁን እንደ አደጋ ምልክት ቆጥሮ በፍርሃት ሲጠባበቀው ሥቃዩ ይጸናል። ፍርሃቱ ሲቀንስ ድምፁ ቢኖርም እንኳ ሰው ብዙ ሰዓት ሳያስተውለው ይውላል።

የሕክምናውም መንገድ በዚህ የተመሠረተ ነው። በፓሪስ የደንቆሮዎች ትምህርት ቤት ሐኪም የነበረው ኢታር በ1821 እ.ኤ.አ. ስለ ጆሮ ደዌ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ላሉት ታማሚዎች የሚንጣጣ የምድጃ እሳትን ወይም የሚንጠባጠብ ውሃን ድምፅ በአጠገባቸው እንዲያኖሩ መክሮ ነበር። ዛሬም ታማሚው በፍጹም ጸጥታ ውስጥ እንዳይቀመጥ፥ ይልቁንም በሌሊት ለስላሳ ድምፅ በቤቱ እንዲኖር ይመከራል። መስማቱ ለደከመ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ይታዘዝለታል፤ የውጭው ድምፅ በደኅና ሲገባ የውስጡ ለብዙዎች ይቀልላቸዋል። እንደዚሁም ታማሚው ስለ ድምፁ ያለውን አስፈሪ አሳብ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እየመረመረ የሚያርምበት፥ ልማዱንም የሚያስተካክልበት የምክር ሕክምና አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. 28 ጥናቶችን፥ በጠቅላላው 2,733 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ይህ ሕክምና ደዌው በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ሊቀንስ እንደሚችል አስረድቶአል። በሌላ በኩል በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ያወጡት መመሪያ ጊንኮ የሚባለውን ተክል፥ ሜላቶኒንንና ዚንክን ለዚህ ደዌ ማዘዝን አይደግፍም። እንግዲህ በጠርሙስ አድርጎ «ይህን ጠጣ፥ ጩኸቱ በሳምንት ይጠፋል» የሚል ነጋዴ የተጨነቀውን ሰው ገንዘቡንም ተስፋውንም ይወስድበታል። ፈውስን በቀን ቀጥሮ፥ ዋጋም ተምኖ በእግዚአብሔር ስም ቃል የሚገባ ሰው ደግሞ ከዚህ ነጋዴ የባሰ ነው።

ምናልባት «ድምፁን የማያጠፋ ሕክምና ራስን ማታለል አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከግብፅ በረሓ አባቶች አንዱ ስለ ክፉ አሳብ ብዛት ለተጨነቀ ወንድም ነፋስን በልብሱ ይዞ ያስቀር እንደ ሆነ ጠየቀው። ወንድምም እንደማይቻለው በመለሰ ጊዜ አሳብም እንዳይመጣ መከልከል እንደማይቻል፥ ሲመጣ ግን አለመቀበል እንደሚቻል አስተማረው። የጆሮ ጩኸት እንደ ክፉ አሳብ ኃጢአት አይደለም፤ ጥበቡ ግን ይመሳሰላል። በራችንን ያንኳኳውን ሁሉ ጌታ አድርገን በቤታችን አናስቀምጥም። ድምፁ ሳይጠፋለት ከፍርሃቱ ነፃ የወጣ ሰው በእውነት ተፈውሶአል፤ ፈውሱም የጆሮ ሳይሆን የልብ ነው።

ደዌን መሰወርም ሌላ ጉዳት አለው። ስሙ የታወቀው የሙዚቃ ሊቅ ቤትሆቨን በ1801 እ.ኤ.አ. ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ቀንና ሌሊት እንደሚጮኽበት፥ መስማቱም እየደከመ ስለ ሄደ ከሰው ማኅበር እንደ ሸሸ ገልጾአል። በሚቀጥለው ዓመት ለወንድሞቹ በጻፈው ኑዛዜ ሕይወቱን እስከ መጥላት ደርሶ እንደ ነበረ፥ የያዘውም ሥራው ብቻ እንደ ሆነ አመለከተ። ጆሮው አልዳነም፤ ነገር ግን በ1824 እ.ኤ.አ. ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ለሕዝብ አሰማ። የሰውየውን ትጋት እያደነቅን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ በእነዚያ ዓመታት ያለ ኀፍረት ሕመሙን የሚነግረው ማኅበር ቢኖረው ኖሮ ሸክሙ ባልቀለለለትም ነበርን? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለች ማኅበር ልትሆን ይገባታል።

ስለዚህ የካህናትና የምእመናን ግዴታ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ታማሚውን ማመን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን በዝምታ አጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ኃጢአቱን ይመረምሩ ዘንድ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደሉት። ሁለተኛው ታማሚውን ከአንገት በላይ ወደሚያክም ሐኪም መላክ ነው። ይልቁንም መስማቱ በድንገት የጠፋበት ሰው ጥቂት ቀናት እንኳ ሳያልፉ ፈጥኖ ይሂድ፤ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነበት፥ ከልብ ትርታ ጋር የሚመታበት፥ ከማዞር ወይም ከጆሮ ፈሳሽ ጋር የመጣበትም ሰው ሳይመረመር አይቅር። በሕይወት መኖር እንደ ሰለቸው የሚናገረውን ሰው ብቻውን አንተወው፤ ቤተ ሰቡንም ሐኪሙንም እንጥራለት። ሦስተኛው በጸበል ስፍራ የሐኪምን መድኃኒት እንዲያቋርጥ አለማዘዝ ነው። የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ሰው ውሃ ወደ ጆሮው ቢገባ ሕመም ይጨመርበታል፤ እርሱ ጸበሉን ጠጥቶ፥ በሰውነቱም ላይ ተረጭቶ በረከትን ያገኛልና በጆሮው ላይ እንዲፈስ አያስፈልግም።

አራተኛው ስለ ራሳችን ጩኸት ነው። ባለሙያዎች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ከስምንት ሰዓት ካለፈ ጆሮን ይጎዳል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ100 ዴሲቤል የሚበቃው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን በሙሉ በድምፅ ማጉያ ሥር የሚቆመውን ዲያቆን፥ በአጠገቡም የሚተኛውን ሕፃን እናስብ። ጆሮን ለተከለ አምላክ የሚቀርብ ምስጋና ጆሮን ሊያጠፋ አይገባም። ማጉያውን ዝቅ ማድረግ፥ ከሰው ራስም ማራቅ ዜማውን አያሳንሰውም፤ ለሕሙማን በምንጸልይበት ቦታ ሌሎችን ሕሙማን እንዳናደርግ ይጠብቀናል እንጂ።

በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ጌታችን ደንቆሮውን ሲፈውስ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹንም በጆሮቹ አገባ፤ ወደ ሰማይም አሻቅቦ ቃተተ። ከተአምራቱ በፊት ለዚያ ሰው የተደረገለት ይህ ነበር፤ ከጩኸቱ አወጣው፥ የታመመውን ስፍራ ዳሰሰ፥ በመከራውም ቃተተለት። ተአምራትን ማድረግ ለሁላችን አልተሰጠም፤ ይህን ሦስቱን ማድረግ ግን ለማንኛችንም አልተከለከለም። ደዌው ያለብህ ወንድም፥ ደዌው ያለብሽ እኅት ሆይ፥ ሕክምናውን ያለ ኀፍረት ፈልጉ፤ ጸሎታችሁንም አታቋርጡ፤ ድምፁ እስኪተዋችሁ ድረስ ግን ኑሮአችሁን አታቆዩ። ጸጥታ ቢዘገይም ሰላም ቀድሞ ሊመጣ ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።